ኢሉባቡር፤ ሐዲድ ያልገባበት የባቡር ስም

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅማ በኩል ወደ መቱ የተጓዙ እንደ ሆነ፥ አጋሮን ያልፋሉ፤ የዴዴሳን ወንዝ ይሻገራሉ፤ በደሌም ይደርሳሉ። ከበደሌ ወዲያ መንገዱ በጫካና በቡና ጥላ ውስጥ እየተጠማዘዘ ያዩንና ሁሩሙን አልፎ መቱ ያገባዎታል። መንገዱ ሁሉ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በኢሉባቡር ምድር ግን አንዲት ክንድ የምታህል ሐዲድ አያዩም። ነገር ግን ሲነሡ «ወዴት ነው?» ብሎ የጠየቀዎት ወዳጅዎ፥ «ኢሉባቡር» ብለው ሲመልሱለት፥ «እንግዲያማ በባቡር ነዋ!» ብሎ መቀለዱ አይቀርም። ወደዚህ አገር የተመደበ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህን ቀልድ ከውሎ አበሉ አስቀድሞ ይቀበላል።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍሁም። በማስተምርበት ክፍል ግን አንድ ተማሪ፥ አገሩ ይህን ስም ያገኘው ድሮ ባቡር ሊገባበት ታስቦ ስለ ነበር ነው ብሎ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ ሰማሁት። የተወለደው እዚሁ ነው፤ በቤቱ የሚናገረውም ኦሮምኛ ነው። የስሙ ፍች በእናቱ ቋንቋ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እርሱ ከሐዲድ ላይ ሲፈልገው መስማት ለአስተማሪ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ስሙ ሦስት ቃል ነው፤ ኢሉ፥ አባ፥ ቦራ። ኢሉ የሜጫ ኦሮሞ የጎሣ ስም ነው። በዚህ ስም የሚጠራው አገር ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም፤ በሸዋ ተጂ ያለችበት ወረዳ ኢሉ ይባላል፤ በምዕራብ ሸዋም ኢሉ ገላን አለ። ስለዚህ «የትኛው ኢሉ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ግድ ነው። መልሱም «የአባ ቦራው ኢሉ» ይሆናል። ጎረቤታችን ጅማም እንዲሁ ነው፤ ጅማ ሆሮ፥ ጅማ ራሬ እየተባለ ብዙ ጅማ ስላለ፥ ይኸኛው በገዥው ስም ጅማ አባ ጅፋር ተባለ።

አባ ቦራ የፈረስ ስም ነው። አባ በኦሮምኛ አባት ማለት እንደ ሆነ ሁሉ ባለቤት ማለትም ነው፤ ቦራም የደፈረሰ፥ ወደ አመድማ የሚያደላ መልክ ነው። እንግዲህ አባ ቦራ የቦራው ፈረስ ጌታ ማለት ነው፤ በዚህ ስም የተጠራ የአገሩ ጌታ እንደ ነበር ሽማግሎች ይናገራሉ። ጀግናን በተጸውዖ ስሙ መጥራት እንደ ድፍረት በሚቈጠርበት ዘመን፥ ፈረሱ ስም ያወጣለት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸውን ማን የማያውቅ አለ? የራስ መኰንን ፈረስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሩቅ ተጓዘ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ «ቃኘው» የተባለው በእርሱ ስም ነው፤ አሜሪካኖችም እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ በአሥመራ የነበራቸውን የራዲዮ ጣቢያ ቃኘው ብለው ይጠሩት ነበር። ከቴክሳስ የመጣ ወታደር ወደ አገሩ በሚጽፈው ደብዳቤ ራስጌ ላይ የሐረርጌውን ገዥ ፈረስ ስም ሲያሰፍር ይታይዎ!

ኢሉ አባ ቦራ ታዲያ እንዴት ኢሉባቡር ሆነ? ፈጠን ብለው ይናገሩት። ኢሉ የሚለው የመጨረሻ ድምፅ የአባን «አ» ይውጠዋል፤ የኦሮምኛው የመጨረሻ ድምፅ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ስለሚደክም «ራ» «ር» ይሆናል፤ ኢሉባቦር። ከዚህ በኋላ ጆሮ የሚያውቀውን ቃል ፍለጋ ይሔዳል፤ «ባቡር» የሚል ቃል ደጃፉ ላይ ቆሞ ያገኘዋል፤ «ቦ»ም «ቡ» ሆነ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ከአውሮፓውያን «ቫፖሬ» ከሚለው የመጣ ሲሆን እንፋሎት፥ ከዚያም በእንፋሎት የሚሔድ መርከብ ማለት ነው። በእንፋሎት የሚሔድ መርከብ ደግሞ ኢሉባቡር ገብቷል! ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ጋምቤላ ወደብ ሆነች። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ በቡሬ በኩል ቍልቍል ወርዶ፥ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በሚመጣ መርከብ ይጫን ነበር። ይህ ጣቢያ ሱዳን ነጻ እስከ ወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ቈየ። ስለዚህ ቀልደኛው ወዳጅዎ ሳያውቅ ግማሽ እውነት ተናግሯል፤ ስሙ ግን ከመርከቡ ይቀድማልና ከዚያ አልመጣም።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ብቻ አልደረሰም። በአሜሪካ ኢሊኖይ የሚባለው ግዛት ስሙን ያገኘው ከአገሩ ነባር ሕዝብ ነው፤ ፈረንሳዮች ከጎረቤት ነገድ አፍ ሰምተው በራሳቸው አጻጻፍ ጻፉት፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም አጻጻፉን ተቀብለው በራሳቸው አነባበብ አነበቡት። ለብዙ ዘመን «ሰዎች» ማለት ነው እየተባለ ተማሪዎች ሲያጠኑት ኖሩ፤ በኋላ የቋንቋ ሊቃውንት ሲመረምሩት «እንደ ወጉ የሚናገር» ከሚል ግሥ የወጣ ሆኖ ተገኘ። አነጋገርን የሚያመሰግን ስም በሦስት ሕዝብ አፍ ተለውጦ መድረሱ እጅግ ይገርማል።

በ1934 ዓ.ም. አገሪቱ በዐሥራ ሁለት ጠቅላይ ግዛት ስትከፈል ኢሉባቡር አንዱ ሆነ። ርእሰ ከተማው ጎሬ ነበረች፤ ራስ እምሩም በ1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ የኢትዮጵያን መንግሥት ስም ይዘው የቆዩባት ይህችው ዝናም የማይለያት ከተማ ናት። በ1970 ዓ.ም. ግድም ርእሰ ከተማነቱ ኻያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ መቱ ተዛወረ። ጋምቤላ ዛሬ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ በደሌም በ2008 ዓ.ም. ግድም ቡኖ በደሌ የሚባል ዞን ሆና ተለየች። የቀረው ዞን አሁን ኢሉ አባ ቦር እየተባለ ይጻፋል፤ ኢሉባቡር፥ ኢሊባቡር፥ ኢሉባቦር የሚሉት አጻጻፎችም በየፋይሉ ውስጥ ገና በሕይወት አሉ። በጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ወጣቶችን የምለምነው፥ በአንድ ባለጉዳይ ሁለት ወረቀት ላይ የትውልድ አገሩ ሁለት ዓይነት ተጽፎ ቢያገኙ፥ ሰውዬው ሁለት ቦታ አልተወለደምና «ይስተካከልና ይምጣ» ብለው በዝናም እንዳይመልሱት ነው።

በደሌ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ከአጠገብዎ የተቀመጡትን አዛውንት አገራቸውን ቢጠይቋቸው «ኢሉባቡር» ይላሉ፤ ልጃቸው ፈጠን ብሎ «ቡኖ በደሌ» ብሎ ያርማቸዋል፤ እርሳቸውም ቡናቸውን ፉት ብለው «አዎን፥ ኢሉባቡር» ይላሉ።