ብረቱ የሚወስደው ምስጋና

ወገቤ ውስጥ አራት ብሎኖችና ሁለት ዘንጎች አሉ። ዘመድ አዝማድ ይህን ከሰማ ወዲህ “አንተማ ብረት ነህ” ይለኛል፤ ሶፋ የሚነሳ ዕለት ግን ብረትነቴን የሚያስታውስ የለም። እኔም ነገሩ ከየት እንደመጣ ማገላበጥ ያዝኩ።

ሲጀመር ብሎን የሚባል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ ቲቢ የጎዳውን አከርካሪ አጥንት ከአጥንት አዋህደው ማቆም ጀመሩ። አልቢ ከቅልጥም ቆርጠው ጀርባ ላይ ተከሉ፤ ሂብስ የአከርካሪውን የራሱን አጥንት እየፈለጡ እርስ በርሱ አጋጠሙት። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ አጥንት ካላረፈ አለመያያዙ ነው፤ አከርካሪ ደግሞ ሰው በተነፈሰ ቁጥር ይነቃነቃል። ስለዚህ በሽተኛው ለወራት በጀሶ ታስሮ ይተኛ ነበር።

በ1940ዎቹ ዶን ኪንግ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ላይ አጫጭር ብሎኖች አሰሩ። ትልቁ እርምጃ የመጣው ግን ከፓሪስ ነው። ሬይሞን ሩዋ ካሚ በ1963 ብሎኑን በፔዲክል በኩል ሰደዱት። ፔዲክል የአከርካሪውን የኋላ ቀለበት ከፊተኛው አካል የምታገናኝ አጭር አንገት ናት፤ ዙሪያዋ ጠንካራ፣ ጎኗ ደግሞ ነርቭ ነው። ትንሽ ከሳቱ ጉድ ነው። ካገኟት ግን ውለታዋ ብዙ ነው፤ በቤተ ሙከራ ሲለካ ብሎኑ ተስቦ እንዳይወጣ ከሚይዘው ኃይል 60 በመቶ ያህሉ ከእሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሒሳብ ሆነ። አጥንቱን የሚይዘው የብሎኑ ጥርስ ስፋት ነው፤ መታጠፍን የሚቋቋመው ደግሞ የውስጠኛው ግንድ ውፍረት ነው። ግንዱ ከ5 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቢወፍር አቅሙ 70 በመቶ ያህል ይጨምራል። “ታዲያ ለምን አያወፍሩትም?” ብዬ ሐኪሜን ጠየቅኋቸው። “አንገቷ ትሰነጠቃላ!” አሉኝ። ደግሞም ብሎንን ከኋላ ሆኖ የሚጎትት ማንም የለም። የሚያላላው በየእርምጃው ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቁ ነው፤ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሰፋል። ለዚህም ነው ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ አዘንብለው የሚያያይዟቸው፤ እንዲህ ሲሆኑ ለመውጣት በመካከላቸው ያለውን አጥንት ይዘው መውጣት አለባቸው። አጥንቱ የሳሳ አረጋዊ ዘንድ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል፤ አንዳንዴ ሲሚንቶ ይጨመርበታል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱ እስከ መጨረሻው እንዲሸከም አልተቀጠረም። የተቀጠረው አጥንቱ እስኪጋጠም ነው። እየተመላለሰ የሚጫነው ሸክም ብረትን ያደክማል። ብሎን ሲሰበር ጥፋቱ የብረቱ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀጠሮ ያላከበረው አጥንቱ ነው። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በእነዚህ ብሎኖች ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች ጎርፈዋል፤ መንግሥት ምደባቸውን አሻሽሎ በፔዲክል በኩል እንዲገቡ የተቀበላቸው በ1998 ነው።

ያም ሆኖ ብረቱ የሰጠን ጥቂት አይደለም። የአልቢ በሽተኞች ለወራት ይተኙ ነበር፤ የዛሬው በሽተኛ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥቶ ይራመዳል። ዶክተር ሪክ ሆድስ ከአዲስ አበባ ወደ አክራ ለቀዶ ሕክምና ከላኳቸው ልጆች መካከል ጀርባቸውን ያጎበጠው ያው የ1911ዱ ቲቢ የሆነባቸው አሉ። ለእነሱ ብሎንና ዘንግ ደርሶላቸዋል።

የእኔ አጥንት ተጋጥሟል ተብሏል። ብሎኖቹ ከእንግዲህ ሥራ የላቸውም፤ ማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ስለሚጠይቅ ግን እዚያው ተቀምጠዋል። ሥራቸው አልቆ ወንበራቸውን ያልለቀቁ ሹማምንት ብዙ አይቻለሁ። እነዚህ ቢያንስ በሰዓቱ ሠርተዋልና ምስጋናውን ቢወስዱም አልቀየማቸውም።