ድንችና ወተት በዘንገና ዳር

«ሐይቅ ልታዩ ሄዳችሁ ወይስ ልትሰግዱ?» እያሉ የሚያላግጡብን ጓደኞች ስለ በዙ ነገሩን እንደ ሆነው ብንጽፈው ይሻላል።

የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ናቸው፤ ሃይማኖታቸውም ሂንዱ። ኤካዳሺ በሚሉት ቀን፣ ማለትም ጨረቃ ከተወለደች፣ ደግሞም ከሞላች በኋላ በሚውለው ዐሥራ አንደኛ ቀን፣ ለቪሽኑ ይጾማሉ። «የእርስዎ ጾም እኮ ቀላል ነው፤ ወተት ይጠጣሉ» አልናቸው። «እንግዲያው ሞክሩት» አሉን። ቀኑ የፍስክ ቅዳሜ ላይ ሲውልልን (ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ወተቱም በቀረብን ነበር) ከእንጅባራ ተነሥተን አብረናቸው ዘንገና ወረድን።

ቀላል ያልነው ጾም አፋችንን አስያዘን። በዚያ ቀን እህል የለም፤ ጥራጥሬም የለም። እንጀራው ቀረ፣ ሽሮው ቀረ፣ ምስሩ ቀረ፣ ቆሎ እንኳ ቀረ! እኛን በጾም የሚያኖረን ሁሉ ለእሳቸው ክልክል ነው። ደግነቱ አገሩ አዊ ነውና ድንች አይታጣም። ቅቅል ድንች በወተት እያወራረድን ዋልን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ጓዳችን ስለ እንጀራ የሚያወራው ስለ ሞተ ዘመድ እንደሚወራ ነበር።

መምህራችን ውኃው ዳር ቁጭ ብለው ጸሎታቸውን በለሆሳስ አደረሱ። እኛ አልተካፈልንም፤ እሳቸውም አልጠየቁን።

ክርክር ያስነሣው የቡድሃው ነገር ነው። ተከታዮቹ ከሚለማመዱት አንዱ ትንፋሽን ከአንድ እስከ ዐሥር መቁጠር፣ ሐሳብ ሲሸፍት እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። የቄስ ልጅ የሆነው ጓደኛችን «ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ጸሎት ካልሆነ ምንድን ነው?» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። የቀረነው ሞከርን። ከአራት ያለፈ ጥቂት ነው። አንዷ ሳይታወቃት ዐሥራ ሰባት ደርሳ ተገኘች! ከጉድጓዱ አፋፍ በታች ክብ ሆኖ የተኛው ውኃ ጸጥ ብሏል፤ የኛ ጭንቅላት ግን ገበያ ነው።

ጓደኛችን ሲመለስ ስለ «በረላምና ይዋሴፍ» አነሣንለት። አባቱ ሕመምና እርጅና እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳደገው፣ ወጥቶ ሲያይ ግን ዓለሙን የናቀው የሕንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው፤ ይዋሴፍ የሚለው ስምም ቦዲሳትቫ ከሚለው የመጣ ነው። ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር ክርስቲያን ሆነና በ1553 (እ.ኤ.አ.) የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት።

«ታዲያ ሰውዬው እኛ ቤት ገብቶ ኖሯል?» አለ። ሳቀ። አልተቀመጠም ግን። ደግ አደረገ እንላለን፤ ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ የግድ መቀመጥ የለበትም።

መምህራችን በተራቸው የኛን ጾም ሊሞክሩ አሰቡ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፣ ዐሥራ አምስት ቀን ነው አልናቸው።

«ወተትስ?»

«የለም።»

«ቅቤም?»

«እሱም የለም።»

ዝም ብለው ሐይቁን አዩት።