የአባቱ ካሴቶች

ሰውየው አባቱ የተዉለትን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ገልብጧቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ካሴቶቹ ሻገቱና ተጣሉ። ዘፈኖቹ በፋይል ስላሉ ግን ብዙም አላሳሰበው።

ችግሩ የመጣው ከአዳዲስ ዘፈኖች ጋር ፍላሽ ላይ ጭኖ መኪና ውስጥ ሲያዳምጣቸው ነው። አዲሱ ይጮኻል፣ የአባቱ ያንሾካሹካል። እጁ ከቮሊዩሙ አልነሳ አለ። አንድ ማታ ሰለቸውና የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፈተ። የድሮዎቹን በሙሉ በእጥፍ ከፍ አድርጎ በዋናው ፋይል ላይ «ሴቭ» አደረገ።

በማግስቱ ድምፁ ደምቋል። ነገር ግን ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ሳክስፎኑ ሲገባ ይሻክራል፣ ይንኮሻኮሻል። ስፒከሩ የተቀደደ መስሎት አዲስ ገዛ። ያው ነው! ስቱዲዮ የሚሠራ አንድ ልጅ ፋይሉን ከፍቶ ሲያሳየው ነው ነገሩ የገባው። የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ በማጭድ እንደታጨደ ሣር እኩል ተቆርጧል።

ባለሙያዎች ይህን ክሊፒንግ ይሉታል። ዲጂታል ድምፅ የሚጻፈው በቁጥር ነው። በሲዲ ደረጃ (16 ቢት) ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም። 20,000 የነበረ ጫፍ በእጥፍ ሲያድግ 40,000 መሆን ነበረበት፤ ጣሪያው ግን 32,767 ላይ ይቆርጠዋል። ካሴት ድምፅ ሲበዛበት ቀስ በቀስ ነው የሚጨናነቀው። ዲጂታል ግን ምሕረት የለውም።

«መልሼ ዝቅ ባደርገውስ?» ሲል ጠየቀ።

«ዝቅ ይላል ጋሼ፤ የተቆረጠው ግን አይመለስም» አለው ልጁ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

በዚህ የተሳሳተው እሱ ብቻ አይደለም። «ጮክ ያለ ዘፈን ይሸጣል» የሚለው እምነት ትልልቆቹንም አሳስቷል። የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ድምፁ ከመጠን በላይ ተጨፍልቆ ነበር። አድናቂዎቹ «ጊታር ሂሮ» የተባለው ጌም ውስጥ የገባው ቅጂ የተሻለ መሆኑን አስተውለው ቅሬታቸውን በፊርማ አሰሙ። ዛሬ ደግሞ እንደ ስፖቲፋይ ያሉት ራሳቸው የሚጮኸውን ዘፈን ዝቅ አድርገው ያጫውቱታል። ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን አስፈለገ?

ፋይል ሳይነካ ድምፅን ማመጣጠን እኮ ይቻላል። ዴቪድ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው ሪፕሌይጌይን ለዚሁ የተሠራ ነው። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ዘፈን የድምፅ መጠንና ከፍተኛ ጫፍ ለክቶ ከዘፈኑ ስም ጎን ማስታወሻ ያስቀምጣል። እንደ ቪኤልሲና ፉባር2000 ያሉ ማጫወቻዎች ማስታወሻውን አይተው በጨዋታ ሰዓት ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ። ሐሳብህን ከቀየርክ ታጠፋዋለህ፤ ዘፈኑ እንደነበረ ነው። ይህን የማያውቅ ማጫወቻ ካለህ ደግሞ የሚጮኸውን ዝቅ አድርግ እንጂ የሚያንሾካሹከውን አታስጩኸው። ወደ ታች ሁልጊዜ ቦታ አለ፤ ወደ ላይ ግን ጣሪያ አለ። ከሁሉም በፊት ዋናውን ፋይል ሌላ ቦታ አስቀምጥ።

ሰውየው በመጨረሻ ውጭ አገር ላለች እህቱ ድሮ በቴሌግራም የላከላትን 11 ዘፈኖች አገኘ። ሳይነኩ፣ እንዳሉ። የቀሩት እንደተቆረጡ ቀሩ።

ጮክ ያለ የፈለገ ቮሊዩሙን ይጨምር። ፋይሉን ግን አይንካ።