አንድ ለሃያ አራት

ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ቮልስ ስቀባ ከረምሁ። ቮልስ ስል ደጅ ላይ የምትቆመውን ማለቴ አይደለም። ርዝመቷ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነች፣ ከፕላስቲክ ክፍሎች የምትገጣጠም፣ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚያመርታት ትንሽ ሞዴል ናት። መጠኗ አንድ ለሃያ አራት ነው፤ በእውነተኛዋ መኪና ላይ 24 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሁሉ በእሷ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ስትመጣ አመጣችልኝ። ቀለሙን ግን አላመጣችም፤ እሳት የሚይዝ ቀለም አውሮፕላን ላይ አይጫንም።

የምሠራው ባንክ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ቼክ ላይ ያለውን ፊርማ ካርድ ላይ ካለው ጋር ሳመሳክር እውላለሁ። ማታ ደግሞ መብራት ሥር ጎንበስ ብዬ ከገብስ ፍሬ የማይበልጥ ፍሬቻ እቀባለሁ። ባለቤቴ «ዓይንህ የቀኑ አልበቃውም?» ትለኛለች። ግጥምም እሞክራለሁ፤ ግጥም ግን ሲበላሽ ቶሎ አያስታውቅም፣ ቀለም ያስታውቃል።

የመጀመሪያውን ኮፈን ያበላሸሁት በትዕቢት ነው። አባቴ የነበረው ቮልስ መልኩ ክሬም ነበርና፣ የመኪና ቀለም ከሚበጠብጡ ሰዎች ዘንድ ሄጄ ያንኑ መልክ አስበጠበጥሁ። ላሜራ የሚችለውን ቲነር ፕላስቲክ እንደማይችለው ማን ይንገረኝ? በማግስቱ ስነሣ ኮፈኑ ውሃው እንደ ሸሸው የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ። በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ሳምንት ሙሉ ፈግፍጌ፣ ሠዓሊዎች በሚገለገሉበት በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ እንደገና ጀመርሁ። አንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት የበሩን መስመር ይደፍነዋል፤ ስስ አድርጎ አምስት ጊዜ መደረብ ግን አይጎዳውም።

ሰው ለረቂቅ ሥራ ረቂቅ ብሩሽ ይበቃል ብሎ ያስባል። እኔም ባለ ሦስት ዜሮውን ገዝቼ ነበር። ሦስት ፀጉር ያላት የምትመስል ብሩሽ ቀለሙ ገና ከቦታው ሳትደርስ ጫፏ ላይ ይደርቅባታል። የሚያስፈልገው ሆዱ ሞላ ያለ፣ ጫፉ ግን እንደ ወስፌ የሾለ ብሩሽ ነው። ክርንን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሽን አውጥቶ፣ ሌላው ሳይገባ በመሐል ባለችው ጸጥታ መስመሯን መሳብ። በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ስንጥቅ ግን ብሩሽም አይፈልግም፤ የዘይት ቀለም በአኳራጅ እንደ ውሃ አቅጥኖ ጫፉን ጠብ ማድረግ ነው፣ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ሮጦ ይሞላዋል። ይህን ባየሁ ቁጥር እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። ቀለሙ ደግሞ ጥቁር መሆን የለበትም። መኪናዋ ስታንስ ጥላዋም መሳሳት አለበት፤ ድፍን ጥቁር የገባባት ሞዴል የተኳለች አሻንጉሊት ትመስላለች።

በጎኗ ያለውን የሚያብረቀርቅ ዘንግ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣው ብር ወረቀት ሠራሁት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ የኋላውን ወረቀት መላጥ፣ በምላጭ እንደ ክር መሰንጠቅ፣ መለጠፍ። እኔ አላጨስም፤ ፓኮውን የሚሰጠኝ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነው፣ ለምን እንደሆነም ጠይቆኝ አያውቅም። ታርጋው ላይ «አአ» የሚለውንና ቁጥሩን በመርፌ ጫፍ ጻፍሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። መኪናውን ይወድ ነበር። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ተሠርታ ምርቱ መቆሙን በዜና ሲሰማ፣ ወጥቶ ኮፈኗን መታ መታ እያደረገ «እንግዲህ እህት አይወለድልሽም» ያላት ትዝ ይለኛል። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በ2002 ዓ.ም. ሸጣት። ለምን እንደሸጣት አልተነጋገርንም።

ባለፈው ወር ሞዴሏን ይዤለት ሄድሁ። አንዱን ዓይኑን ሞራ ጋርዶታልና ጋዜጣ የሚያነብበትን ማጉያ መነጽር አመጣ። የታርጋውን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበና ሳቀ። ስፖኪዮውን፣ ቸርኬውን፣ ከኋላ ያለውን ሞተር አንድ በአንድ አየ። ከዚያ በግራ በሩ ላይ ቆየ።

«ጭረቱስ?» አለ።

«የቱ ጭረት?» አልሁ። ይህንን ስል ዕድሜዬ 35 ነው።

«ያ መኪና አጣቢ ልጅ የጫረው ነዋ። ብዙ ዓመት ይዘነው አልነበር?»

«ገና አላለቀችም አባዬ» ብዬ ወደ ቤቴ ይዣት ተመለስሁ።

ነገሩ በ1992 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በእጄ ሚስማር ይዤ ነበር፤ ስሜን በመኪናችን ላይ ባየው ምን ይመስል ይሆን ብዬ ጀመርሁ። የመጀመሪያዋ ፊደሌ «ገ» ናት። ራሷን አጠር አድርጌ፣ እግሯን ወደ ታች ስንዝር አልፌ ሳብሁት። እናቴ ጠራችኝና ቆመ። በየእሑዱ በ2 ብር መኪናዋን የሚያጥብ የሰፈራችን ልጅ ነበር፣ ከእኔ ሦስት አራት ዓመት ቢበልጥ ነው። አባቴ ያየው እሑድ፣ ልጁ አጥቦ ሲጨርስ ነው። «ጋሼ፣ በማርያም እኔ አይደለሁም» አለ። ሁለተኛ ደግሞም አለ። አባቴ ቁጡ ሰው አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን «ሁለተኛ እዚህ በር እንዳላይህ» አለው፣ የዕለቱንም ብር አልሰጠውም። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ። ሚስማሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ በኋላ ፈርሶ ሰዉ ተበተነ፤ ያን ልጅ ዳግመኛ አላየሁትም።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። አባቴ የተማሪን እጅ ጽሑፍ፣ የተዝረከረከውን ሁሉ፣ ያነብ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ማታ ጭረቱን ቀባሁት። በመጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀለሙ ተነሥቶ የታየውን ግራጫ ስቱኮ፤ ከዚያ ውስጡን በጠቆረ ቡናማ የዘይት ቀለም፤ ከሥሩም ዝናብ ያወረደውን የዝገት እንባ ስስ አድርጌ። ባሰምረው ልክ 1 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በስተመጨረሻ እጄ ቆየ፤ ከዚያ የፊደሏን ራስ ጨመርሁበት፣ እንደነበረው።

የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ደረቅ አክሪሊክ ላይ እርጥብ ሳለ አኳራጅ የነካ ጥጥ ምንም ሳያስቀር ይጠርገዋል። ጥጡም ጠርሙሱም እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ነገ ከቁርስ በኋላ አባቴ ዘንድ እንሄዳለን፤ ባለቤቴ ሞዴሏን የምንይዝባትን ካርቶን አዘጋጅታ ተኝታለች።