ከክረምት በኋላ በሱሉልታ ሜዳ

የአደይ አበባን ወቅት ሁላችንም ጸደይ እያልን መጥራት ለምደናል። በአገራችን አቆጣጠር ግን ክረምቱ መስከረም 25 ቀን ያበቃና በማግስቱ መፀው ይገባል፤ ጸደይ የሚመጣው መጋቢት 26 ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በቃላቸው ያውቁታል። ወቅቱን ራሱን በዓይናቸው ያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ የመድረሳችንን ልጆች ይዘን ወደ ሱሉልታ ወጣን።

መንገዱ ሩቅ አይደለም። በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግረው ሲወርዱ ሜዳው ፊት ለፊት ይዘረጋል። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል። የክረምቱ ውኃም ገና ስላልደረቀ መሬቱ ጨቀጨቅ ይላል፤ ቦት ጫማ ያላደረገ ልጅ ካልሲውን ሲጨምቅ ይውላል።

መጀመሪያ የተቀበለን የጋጋኖ ጩኸት ነው። መንቆሩ ቆልማማ የሆነው ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች ውጪ አይገኝም፤ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ የሰው ሳቅ ስለሚመስል ልጆቹም አብረውት ሳቁ። ከኩሬው ዳር ደግሞ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አጋድሞ የሚራመድ ዝይ አየን።

«ኡስታዝ፣ አንገቱ ተሰብሮ ነው?» አለች አንዷ።

አልተሰበረም፤ ልማዱ ነው። ይህ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለው ዝይ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ልጆቻችን የአንበሳና የዝሆን ሥዕል ከመጽሐፍ እያዩ ሲያድጉ፣ ከቤታቸው የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ያለውን ይህን ወፍ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል።

ከብቶች ወደሚግጡበት የወሰደን አንድ እረኛ ልጅ ነው። በላሞቹ እግር ሥር ጭራቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ትናንሽ ቢጫ ወፎች ይሯሯጣሉ፤ ላሞቹ ከሣሩ የሚያስነሡትን ነፍሳት ይለቅማሉ። ክብደታቸው 20 ግራም አካባቢ ቢሆን ነው። ነገር ግን ከአውሮፓና ከእስያ ባሕርና በረሃ አቋርጠው የመጡ ናቸው፤ በጋውን እዚህ ከርመው ይመለሳሉ። ሱብሐነላህ! በረጅሙ ሣር ላይ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ወገቡ ላይ ቢጫ የሆነ ወፍ ላባውን እየነፋ ይታያል። እርባታው ሲያልፍ ወንዱ ይህን ልብሱን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሚሆን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጣ ሰው ወፉ አገር የለቀቀ ይመስለዋል።

ከልጆቹ አንዱ በሣሩ ውስጥ ጎጆ አገኘ። ሦስት እንቁላሎች ነበሩበት። «አንዱን ብቻ ለእናቴ ላሳያት» ብሎ እጁን ሲዘረጋ አስቆምነውና፣ በአቡ ዳውድ የተዘገበውን ነገርነው፦ ሰሐቦች በጉዞ ላይ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወስደው እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች ስትመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲመልሱላት አዘዙ። ልጁ ትንሽ አሰበና፣

«ግን ወፏ መቁጠር ትችላለች?» አለ።

መልሱን ራሱ እንዲያገኝ ራቅ ብለን ተቀመጥን። እናቲቱ ብዙ ከተንከራተተች በኋላ ተመልሳ ጎጆዋ ውስጥ ስትገባ እሱ ትንፋሹን ውጦ ያይ ነበር። እንቁላሉን ዳግም አላነሣም።

ሜዳው እንደ ድሮው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱሉልታ የሸገር ከተማ አካል ሆናለች፤ ፋብሪካውም መኖሪያ ቤቱም ወደ ረግረጉ እየገፋ ነው። እረኛው ልጅ በብሎኬት የታጠረ ቦታ እያሳየን ከብቶቹ ውኃ ይጠጡበት እንደነበር ነገረን። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህን አንክድም። ውኃው የሚተኛበት መሬት ሁሉ ሲታጠር ግን ዝይዋ የምትሄድበት ሌላ አገር የላትም።

መሄድ የምታስቡ ወላጆች፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ፀሐይ ስትበረታ ወፎቹ ይደበቃሉ። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ካለ ቤት አስቀምጦት ይምጣ። አደይ አበባውም ከጥቅምት አያልፍምና ብዙ አትዘግዩ።