የምትዋሸዋ ክር

እኛ ሁለት ግራኞች ነን። አንድ የመኝታ ክፍል፣ አንድ ጊታርና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር እንጋራለን። ግራኝነት በአገራችን ምን እንደሆነ ማተት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በግራ አይበላም፣ በግራ አይጨበጥም፤ ነገር ሲጠፋብን እንኳ «ግራ ገባኝ» ነው የምንለው። የአንዳችን እናት ልጃቸው ፊደል ሲቆጥር ግራ እጁን በመቀነታቸው ጫፍ ከጎኑ ጋር ያስሩት ነበር። ክፋት አልነበረም፤ ለእሱው ብለው ነው። ዛሬ በቀኝ ይጽፋል፤ ጽሕፈቱን ግን እኛው ራሳችንም ለማንበብ እንቸገራለን።

ጊታሩ የቀኝ ነው። የግራ ጊታር ፈልገን አጣን፤ ብናገኝስ በምን ገንዘብ? ገለበጥነው። ሲገለበጥ ወፍራሙ ክር ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀጭኑ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. ያረፈችው አሜሪካዊት ኤልዛቤት ኮተን ክሮቹን እንዳሉ ትታ ወፍራሞቹን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስ ደግሞ የቀኙን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን በቅደም ተከተላቸው እንደገና አስሮ ይጫወት ነበር። እኛ የሄንድሪክስን መንገድ መረጥን፤ በድፍረት እንጂ በጣት አንመስለውም። ያስቸገረችን ከአንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ጥርስ አጥንት ነች። ጥርሶቿ ለየክሩ ውፍረት የተሞረዱ ናቸውና ወፍራሙ ክር በጠባቡ ጥርስ አልገባ ብሎ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀጭኑ በሰፊው ውስጥ ይንቀጫቀጫል። አንዱን በጥፍር ሞረድ አሰፋን፣ በሌላው ሥር የታጠፈ ወረቀት ሸጎጥን። (ወረቀቱ የፍልስፍና ፈተና ነበር። ውጤቱ ለሌላ ነገር አይሆንም።)

ከዚያ ወደ ቅኝት። ክር ማጥበቅና ማላላትም ቅኝት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸው ባለ አምስት ድምፅ መሰላሎችም ቅኝት ናቸው። የጊታር መጻሕፍት ሁለቱን ይለያዩአቸዋል፤ ክሩ አንዴ ይቃኝና መሰላሉን ጣት ይፈልገዋል። በክራር ግን መሰላሉን ለመለወጥ ክሩን ራሱን መለወጥ ግድ ነው። እኛም ጊታሩን ወደ ክራር ልናስጠጋው አሰብን። የተለመደው ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። ሁለቱን ሚዎች ወደ ሬ፣ ሲን ወደ ላ በሙሉ ድምፅ አወረድናቸውና ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ ሆነ።

ከሬ ከተነሡ አምባሰል ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ነው። ያልተረገጡት ክሮች ሁሉ በውስጡ ስላሉ እጅ ቢስትም የሚጮኸው አያስቀይምም። ባቲም በአንደኛው መልኩ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ነውና እንደዚያው። በአንድ ወር ሁለቱን ያዝን። ሙሉው ትዝታ ግን እምቢ አለን። ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ፤ ጣታችን ቦታውን አይስትም፣ የስልኩ መቃኛም በየክሩ አረንጓዴ እያበራ ደግ ነው ይለናል፤ የሚወጣው ግን ትዝታ አይደለም። አጥንቷን ሰደብን። ወረቀቱን ቀየርን። አንድ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ሁለታችንም የፈራነውን ተናገርን፦ «ምናልባት ግራ እጅ ለትዝታ አይሆንም።»

እማዬ ከደሴ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። እናታችን እንበላቸው፤ ቆሎውን እኩል ነው የተካፈልነው። ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስሞች ናቸውና፣ በሳቸው ፊት መጫወት ጳጳስ ፊት መቀደስ ሆነብን። ከመኝታ ቤቱ ፊት ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው «እስቲ» አሉ። መታን። ዓይናቸው ግራ እጁ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ዙር ሳንጨርስ፣

«ቆይ፣ አንዷ ትዋሻለች» አሉ።

«የቷ እማዬ?»

ሳይነኩ በጣታቸው አመለከቱ። ከቀጭኑ በኩል ሦስተኛዋ። ሶል! በሙሉው ትዝታ ውስጥ ሶል የለችም። እኛ ባንፈልጋትም ሌሎቹን ስንመታ አብራ ትጮኻለች። ክራር ሲገረፍ የማይፈለገውን ክር ከኋላ የሚያፍነው ግራ እጅ ነው፤ የኛ ግራ እጅ ማፈኑን ትቶ መምታት ይዟል።

«አላላት። ትንሽ። ትንሽ... እዚያ ላይ!»

ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የወረደችው፤ ፋ ሻርፕ ላይ ቆመች። ስልኩ በቀይ ጮኸብን፤ አጠፋነው። እንደገና ስንመታ ትዝታ መጣ። እማዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና ብዙ ቆዩ።

«አስሬህ ነበር እኮ» አሉ በኋላ፣ እጁን እያዩ። «ያምህ ነበር?»

«አያምም ነበር» አልናቸው፤ ሁለታችንም፣ ባንድ አፍ።

አሁን የቀረችን አንቺ ሆዬ ነች። ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ። ሶል ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ሁለቱ ላዎች ግን በግማሽ ድምፅ መውረድ አለባቸው፤ ከላሉ ደግሞ ያቺ አጥንት ላይ መንቀጫቀጥ ይጀምራሉ። እማዬ ለፋሲካ እመጣለሁ ብለዋል። ወረቀቱን በአዲስ ፈተና ተክተነዋል።