መውጫ ያለው መዋጮ

ካዛንቺስ የሚለው ስም የተገኘው ከመንግሥት ሠራተኛ ቤት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ተቋም በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ስሙ በእኛ ሰው አፍ ሲላመጥ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ያኔ መንግሥት የሚወስነው ሠራተኛው የት እንደሚያድር ነበር። ዛሬ ጥያቄው ወደ ጤና መጥቷል፦ ለሕመሜ ስንት እንደማስቀምጥና የት እንደምታከም የሚወስነው ማን ነው?

ሕጉ መልስ አለው። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ደመወዝተኛውን አባል እንዲሆን ያስገድዳል። በዕቅዱ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ ያዋጣል። ግን «ዘንድሮ ይጀመራል» እየተባለ ዓመታት አለፉ። በየቢሮው የሚሰማው ነገር አንድ ነበር፦ «ቤት ኪራይና አስቤዛ ከጨረሰው ደመወዝ ላይ ደግሞ ሊቆርጡብን ነው?»

ደመወዝ ለሌለው፣ ለገበሬውና ለጉሊት ነጋዴው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አለ። ይሄኛው ሲጀመር ወረቀት ላይ በፈቃደኝነት ነበር። የሚመዘገበው ግን ግለሰቡ ብቻውን ሳይሆን መላው ቤተሰብ ነው። ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሆስፒታል ለማለፍ ሪፈር ያስፈልጋል።

እኛ ግን መዋጮን ያወቅነው ከእድር ነው። እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው። ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን አባላቱ ይመርጣሉ፤ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሒሳብ ይነበባል፤ ያልተዋጠለት እጁን አውጥቶ ይጠይቃል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የት እንደተቀመጠ ሁሉም ያውቃል። ያልጣመው መውጣት ይችላል። እርግጥ ነጻነቱን ማጋነን አይገባም። «ቀባሪ የለውም» መባልን የሚደፍር ስንቱ ነው? የሰፈር ዓይንም ያስገድዳል። ቢሆንም የሚያስገድድህን ሰው በስሙ ታውቀዋለህ፤ እሑድ ጠዋት ፊት ለፊት ትሟገተዋለህ።

ታዲያ ሕክምናውንም ለእድር ብንተወውስ? ሒሳቡ እንቢ ይላል። ሰው የሚሞተው አንዴ ነው፤ የቀብር ወጪም ይገመታል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን በሳምንት ሁለት ሦስቴ እጥበት ያስፈልገዋል፣ ያውም ለዓመታት። ሃምሳ አባወራ ይህን አይችለውም። ሌላም ችግር አለ፦ መግባት በፈቃድ ብቻ ከሆነ ጤነኛው «ስታመም እገባለሁ» ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ሕመምተኛ ብቻ ይቀርና ገንዘቡ ያልቃል። ግዴታውም ሆነ የቤተሰብ ምዝገባው የመጣው ከዚህ ስጋት ነው። ይህን ክርክር በቀላሉ ማጣጣል አይቻልም።

እኔን የሚያሳስበኝ የግዴታው ድንበር ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት የደም ግፊት አለባቸው። የመድኅን ደብተራቸውን በየዓመቱ ያሳድሳሉ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ተሰልፈው ሲደርሳቸው ግን «መድኃኒቱ አልቋል፣ ውጪ ግዙ» ይባላሉ። አንዴ በመዋጮ፣ አንዴ በፋርማሲ ሁለቴ ከፈሉ ማለት ነው። ከግል ክሊኒክ ልታከም ቢሉ ደብተሩ እዚያ አይሠራም።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈረሰ። ከነዋሪው ብዙው ገላን ጉራ ገባ። እሳቸውም ሄዱ። የተመዘገቡበት ጤና ጣቢያ ግን ያው የድሮው ሰፈር ቀረ፤ ለአንድ ወረቀት ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያይራሉ። እድርተኛውም ተበታተነ። ለቀብር ከከተማው ጫፍ እየተጠራሩ ይመጣሉ እንጂ ማታ ላይ በር አንኳክቶ «ዛሬ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» የሚል ጎረቤት የለም። ቤታቸውን ያነሳው መንግሥት ነው፤ መድኅኑም የመንግሥት ነው። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ግዴታው ከሁለት ወገን ነው ማለት ነው። እኔ ካልከፈልኩ ከደመወዜ ይቆረጣል። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ከማን ደመወዝ ይቆረጣል?

ስለዚህ «መንግሥት እጁን ያውጣ» ለሚለውም፣ «ዝም ብለህ ክፈል» ለሚለውም አልተመቸሁም። ታማሚው ብቻውን ሲቀር ነጻነቱ ባዶ ነው፤ እጥበት ከልክ በላይ ውድ ነው። ማስገደድ ካስፈለገ ግን የሚያስገድደው አካል ከእድር ሦስት ነገር ይማር። ጤና ጣቢያው ያጣውን መድኃኒት ውጪ ስገዛ በደረሰኝ ይመለስልኝ። የምታከምበትን እኔ ልምረጥ፤ ሰፈር ስቀይርም ደብተሬ ይከተለኝ። በዓመት አንዴ ደግሞ ያዋጣነው ምን ላይ እንደዋለ ወረዳው ሰብስቦን ሒሳቡን ያንብብልን።

ይህን ማንም አዲስ አልፈጠረውም። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አያቶቻችን እንኳ ሒሳብ ሳይነበብላቸው ለድንኳን አላዋጡም።